ሜዳ ላይ የሚነሳ ትራክተር

ቂርቆስ አካባቢ አጽብሃን በአባቱ ስም የሚጠራው ሰው አልነበረም። "አጽብሃ ዳይሬክት" ነው የሚባለው። ስሙን ያወጡለት የታክሲ ሾፌሮች ናቸው፤ ያወጡለትም ሊያሞግሱት ነበር። በደርግ ዘመን ፊውዝ ጠፍቶ፣ ሽቦ እንኳ ከወደቀ መኪና ላይ እየተገፈፈ በሚሠራበት ጊዜ፣ መብራቱ አልበራ፣ ክላክሱ አልጮህ ያለው ሁሉ መጨረሻው የእሱ ጋራዥ ደጃፍ ነበር። አጽብሃ ኮፈኑን ከፍቶ መጀመሪያ ያሸታል፤ እውነት ነው፣ ያሸታል። ከዚያ የተቃጠለውን ዕቃ እንዳለ ይተወውና ከባትሪው አንድ ሽቦ ስቦ በቀጥታ መብራቱ ላይ ይቀጥለዋል። "ዳይሬክት አርጌዋለሁ፣ በቃ ሂድ" ይላል። ሰውየውም እየመረቀው ይሄዳል።

ሙያውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ቤተሰቡ ከአዲግራት በመጣ ዓመት አባቱ ካዛንቺስ ለነበረ አንድ ጣሊያን የጋራዥ ባለቤት አስረከበው፤ ያደገው እዚያ ነው። ጣሊያኑ ሽቦ ያለ ፊውዝ ሲቀጥል ያገኘውን ሠራተኛ ጣቱን በፒንሳ የሚቆነጥጥ ክፉ ሰው ነበር፤ ነገር ግን እሱ ጋ የተሠራ መኪና ተበላሽቶ አይመለስም። አጽብሃ ሁሉንም ከእሱ ተምሯል። ዳይሬክትን ያስተማረው ችግር ነው። ችግሩ ሲሄድ ልማዱን ጥሎለት ሄደ።

ደርግ ወደቀና ዕቃ ከዱባይ መግባት ጀመረ። ወሎ ሰፈር ላይ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የጨረሱ ወጣቶች ኤሌክትሪክ የሚለኩበትን ቴስተራቸውን እንደ ሐኪም አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ጋራዥ ከፈቱ። ያኔ ስሙ ተገለበጠበት። ሽቦው የተዝረከረከ፣ ፊውዝ የሌለው መኪና ሲያዩ "ይሄማ አጽብሃ ዳይሬክት ነው" እያሉ ይስቁ ጀመር። እሱ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። የነገረችው ባለቤቱ አምሳለ ናት፤ አንድ ቀን ከገበያ ተመልሳ ምሳ እያቀረበች።

"ታክሲ ውስጥ ስምህን አነሱት" አለችው።

"ምን አሉ?"

"ተወው ባክህ።"

"ንገሪኝ እንጂ!"

"መኪናው መንገድ ላይ ጨሰበትና ሾፌሩ 'አጽብሃ ዳይሬክት ነክቷት ነው እንዴ' አለ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እኔ ወርጄ በእግሬ መጣሁ።"

እንጀራውን ገፋ አደረገው። ዕድሜ ልኩን ሠርቶ የታክሲ ቀልድ መሆን ያማል፤ ሚስቱ ቀልዱን ሰምታ በእግሯ መምጣቷ ደግሞ ይብስ አመመው። እጁን ታጠበና ጋራዡ ገብቶ ምንም ሳይሠራ ተቀመጠ።

ትራክተሩ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው፤ በ1987 ዓ.ም.፣ ግንቦት ሲገባ። ከመታየቱ በፊት ተሰማ። ከላይ ከዳገቱ እየተንደቀደቀ ሲወርድ የጎረቤት ሱቅ ዕቃ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንግሊዝ ሠራሽ ነው፤ ቀለሙ አንድ ጊዜ ቀይ እንደነበር የሚያስታውቀው ከመቀመጫው ሥር ብቻ ነው። የምትነዳው አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ራሷን በሻርፕ ያሰረች ሴት ናት። ከጋራዡ በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ አቆመችና ሞተሩን ሳታጠፋ ዘላ ወረደች። ከመቀመጫው ኋላ በገመድ የታሰሩ ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች አውጥታ ከፊት ጎማዎቹ ሥር ሸጎጠች።

"ጋሽ አጽብሃ እርስዎ ነዎት?" ብላ ጮኸች።

"ነኝ! አጥፊውና እናውራ፣ አይሰማኝም!"

"ካጠፋሁት ሲነሳ ቁልቁለት ይፈልጋል። ግድ የለም፣ እዚህ ቁልቁለት አለ" አለችና አጠፋችው።

መድኃኒት ትባላለች። በአንድ የመንግሥት እርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ሠራተኛው ተበተነ፣ ዕቃው በሐራጅ ተሸጠ። የሥራ ባልደረቦቿ በስንብት ገንዘባቸው ሱቅ ሲከፍቱ እሷ ሰው ሁሉ "አበደች እንዴ" እያላት ይህን ትራክተር ገዛች። መንዳትም ተማረች። የእናቷ ዘመዶች በቾ ናቸው፤ ያደታ የሚባለው አጎቷ ጎረቤቶቹን አስተባብሮ ክረምቱ ሳይገባ መሬታቸውን እንድታርስላቸው ተስማምተዋል። ችግሩ አንድ ነው። ትራክተሩ ባትሪውን አይሞላም። ከዚህ በፊት ያየው ኤሌትሪሽያን ሁሉንም ነገር በጣጥሶ፣ ከባትሪው ሞተር ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ አንድ ወፍራም ሽቦ ብቻ አስቀርቷል። ባትሪ ቤት ሞልታ ካመጣችው ለጥቂት ጊዜ ያስነሳል፣ ከዚያ ያልቃል። ካለቀ በኋላ ቁልቁለት ላይ እያንደረደሩ ማስነሳት ነው።

"በቾ ደግሞ ቁልቁለት የለም" አለች። "ዓይንዎ እስኪደክም ሜዳ ነው። ጥቁር መሬት ነው፣ ያውቁታል፤ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲረጥብ ጭቃ። የሚታረሰው በመካከል ባለችው ጥቂት ቀን ነው። ያቺ ቀን መጥታ እኔ ሜዳ ላይ ከቆምኩ የሰው ዘመን አበላሸሁ ማለት ነው። ሁለተኛ የሚያምነኝ የለም።"

"ወሎ ሰፈር ያሉትን ልጆች አላሳየሻቸውም?"

"አሳይቻቸው ነበር። 'ሙዚየም አስገቢው' አሉኝ። አንዱ ግን አሮጌ ነገር እርስዎ እንደሚያውቁ ነገረኝ።"

አጽብሃ ትራክተሩን ዞረው። የቀደመው ሰው ሥራ የራሱን ሥራ ቁርጥ ነበር፤ ያው ስንፍና፣ ያው "በቃ ሂድ"። ፊቱ ጋለ። ማሽተቱንም ረስቶ ተመለሰ።

"እህቴ፣ ይሄን እንደ አዲስ ነው የምዘረጋው" አላት። "ሽቦውን፣ ዲናሞውን፣ መብራቱን፣ ሁሉንም። አንዲት ሽቦ ዳይሬክት አትሆንም።"

ሴትየዋ የመጨረሻዋን ቃል ለምን በቁጣ እንደተናገራት አልገባትም። ለእሱ ግን መሐላ ነበረች።

ሥራው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ደስ አለው፤ ይህን አልጠበቀም። አሮጌውን ሽቦ ገፍፎ ጣለ። አዲሱን በየቀለሙ ለየ፤ ለመብራቱ አንድ፣ ለሞተሪኖው አንድ፣ ለዲናሞው አንድ። በላስቲክ ቱቦ ውስጥ እያሳለፈ በሻሲው ጎን አስኬደው፤ መገናኛውን ሁሉ በየደው፣ ናስትሮ በሚሉት ጥቁር ፕላስተር ጠቀለለው፤ ለእያንዳንዱ ፊውዝ አስገባለት። ዲናሞውን ፈትቶ አጠበ፣ ካርቦኑን ለወጠ። ዲናሞው ያመነጨውን ኃይል መጥኖ ለባትሪው የሚያደርሰው ሬጉሌተር የሚሉት ጥቁር ሳጥን ሳይነካ ደህና ሆኖ ስላገኘው "ጎሽ" አለው፣ እንደ ሰው። ያ ክፉ ጣሊያን ቢያየው ጣቱን የሚቆነጥጥበት ምክንያት እንዳያገኝ አድርጎ ነበር የሚሠራው። አምሳለ ሻይ ይዛለት ስትመጣ "ዛሬ ደግሞ ታፏጫለህ" አለችው።

ከመቀመጫው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ትራክተሩ ከፋብሪካ ይዟቸው የመጣ የባትሪ ገመዶች በጆንያ ተጠቅልለው ተገኙ፤ የቀደመው ሰው ፈትቶ የጣላቸው ናቸው። ወፍራምና ጤነኛ ነበሩ። አጽብሃ ወደ ቦታቸው ሊመልሳቸው ወሰነ። ባትሪ ሁለት ራስ አለው፤ ፖዘቲቩ ወፈር፣ ኔጋቲቩ ቀጠን ይላል፣ የገመዶቹም ማሰሪያ እንደዚያው ሰፊና ጠባብ ነው። ወደ ትራክተሩ ብረት የሚሄደውን ገመድ አዲስ አበባ ውስጥ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ከኔጋቲቩ ላይ ሊያስር ሲል ማሰሪያው ሰፋበት። ምን ይደረጋል? የአገራችን ኤሌትሪሽያን ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ከቲማቲም ቆርቆሮ ላይ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ በመሃል ሸጎጠና አጠበቀው። የሌላው ገመድ ማሰሪያ ደግሞ ጠበበው። እሱንም በካቻቪቴ ፈልቅቆ አሰፋው። ለእንዲህ ያለ ነገር ማን ቆሞ ያስባል?

ባትሪ ቤት ተሞልቶ የመጣው ባትሪ ታሰረ። መብራቱ በራ። ሞተሪኖው ዞሮ ሞተሩ ሲነሳ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ። አጽብሃ ነዳጅ ጨመረለት፤ ዲናሞው በደንብ ሲሽከረከር ሬጉሌተሩ "ጥዝዝ" አለ፣ ጮኸ፣ ከሳጥኑ ነጭ ጭስ ወጣ። ሮጦ ባትሪውን እስኪፈታው ድረስ ሳጥኑ ተቃጥሎ አልቋል። የሚያጨበጭቡት እጃቸውን ሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዱ ሳቅ ብሎ "ዳይሬክት ነው እንዴ?" ሲል ተሰማ።

ሰዉ ሲበተን አጽብሃ የኋላ ጎማው መሸፈኛ ፓራፋንጎ ላይ ተቀመጠ። ሽቦውን አንድ በአንድ በዓይኑ ተከተለ። ስህተት የለውም። መገናኛው ጥሩ ነው። ፊውዙ ትክክል ነው። ታዲያ ምን ሆነ? እጁ ባትሪው ላይ ሲያርፍ ያቺ የቲማቲም ቆርቆሮ ጣቱን ወጋችው። ነቅሎ አያት። ሰፊው ማሰሪያ ወደ ብረቱ የሚሄደው ገመድ ላይ ነው። ሰፊ ማሰሪያ የፖዘቲቭ ነው። ሳቁና ለቅሶው እኩል መጡበት። የድሮ እንግሊዞች የእኛን ተቃራኒ ነበር የሚሠሩት፤ ከብረቱ ጋር የሚያስሩት ፖዘቲቩን ነው! ጣሊያኑ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና በልጅነቱ በእጁ አልፏል፤ ረስቶታል። መብራትና ሞተሪኖ ቢገለበጡም ግድ የላቸውም፣ ይሠራሉ። ዲናሞው ግን ተገልብጦ ከታሰረው ባትሪ ጋር ተዋጋ፤ በመሃል ያለው ሬጉሌተር ተቃጠለ። ማሰሪያው "እዚህ አይደለሁም" እያለው ነበር፣ እሱ ግን አፉን በቆርቆሮ ዘጋው። በራሱ ክፉኛ ተናደደ።

በማግስቱ ማለዳ መድኃኒት መጣች። ፊቷ ላይ ጥድፊያ አለ።

"ጋሽ አጽብሃ፣ ያደታ ሰው ላከብኝ። በቾ ዘንቧል። መሬቱ ረጥቧል፣ ቶሎ ነይ ነው የሚሉት። አለቀ አይደል?"

"አላለቀም" አላት። "ሬጉሌተሩን አቃጠልኩት። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ ባትሪውን ገልብጬ አስሬ።"

ጎንበስ ብላ የተቃጠለውን ሳጥን አየችው። ከዚያ የሚፈራውን ተናገረች።

"በቃ ተዉት። ዳይሬክት ያድርጉልኝና ልሂድ።"

"አላደርግም።"

"ጋሽ አጽብሃ! ሰው እየጠበቀኝ ነው። ባትሪው ዛሬ ሙሉ ነው፣ ጥቂት ቀን ያስነሳል..."

"ከዚያስ? ሲያልቅስ? በቾ ላይ ማን ቁልቁለት ይሠራልሻል?"

"ትራክተሩ የኔ ነው እኮ!"

"ያንቺ ነው። አሁን ድንጋዩን አንስተሽ ማንደርደር ትችያለሽ፣ አልይዝሽም። እኔ ግን ዳይሬክት አድርጌ አልሰጥሽም። እንደዚያ አድርጌ ስንቱን ሰው 'በቃ ሂድ' እንዳልኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሄደው የት እንደሚቆሙ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። አንቺ የት እንደምትቆሚ ነግረሽኛል። ስለነገርሽኝ አልችልም።"

መድኃኒት ድንጋዮቹን አየች፣ ቁልቁለቱን አየች፣ እሱን አየች። ንዴቷ አልበረደም። ቢሆንም ሻርፗን ፈትታ እንደገና አሰረች።

"እስከ ቅዳሜ" አለች። "ቅዳሜ በማለዳ እመጣለሁ። ካልሆነ አንደርድሬ እሄዳለሁ።"

አጽብሃ ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረደ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡትን ሁሉ የተቃጠለውን ሳጥን እያሳየ ጠየቀ። "ይሄማ አባቴ ሳይወለድ የቀረ ነው" የሚለው አለ፤ "የሌላ ሞዴል ነው ግን ያስኬዳል" የሚለው አለ። "ያስኬዳል" የምትለዋን ቃል እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ብሏታል፤ አሁን ከሌላ ሰው አፍ ስትወጣ አስጠላችው። ምናለሽ ተራ ደግሞ ሄደ። እዚያ ከአንድ አሮጌ እንግሊዝ ካሚዮን የወጣ ተመሳሳይ ሳጥን አገኘ። የሞተ ነው፤ የሞተው ግን በሌላ በኩል ነው። የዚያኛው መገናኛ ነጥቦች ዝገው ሲያልቁ ጥቅል ሽቦው ደህና ነበር። የትራክተሩ ሳጥን ደግሞ ሽቦው ተቃጥሎ የነጥቦቹ ግማሽ ተርፏል። በደስታ ሻጩን ሊስመው ምንም አልቀረው።

ሁለቱን ሳጥኖች ጠረጴዛ ላይ በታትኖ ከሁለት ሬሳ አንድ ነፍስ ያለው ነገር ለማውጣት ተቀመጠ። ነጥቦቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤ ጥቅሉን በቀስታ አሻገረ። መነጽሩ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረው በናስትሮ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ተሠርቶ አለቀ። የቀረው ልክ ማስያዝ ነው፤ ሬጉሌተሩ ትንሽ ሲበዛ ባትሪውን ይቀቅላል፣ ትንሽ ሲያንስ አይሞላም። ለዚያ ጥሩ ቴስተር ያስፈልጋል። እሱ ያለው አምፖል የተቀጠለበት ሽቦ ነው። በእሱ ኃይል መኖሩን እንጂ ልኩን ማወቅ አይቻልም።

ወሎ ሰፈር መሄድ ከበደው፤ ግን ሄደ። ከሚስቁበት ዋነኛው ኢያቄም የሚባለው ነው፣ ቁመታም፣ ጨዋታ አዋቂ።

"ፋዘር! በሰላም ነው?" አለው ኢያቄም፣ በመገረም።

"ቴስተር አውሰኝ።"

"ለምን? ማለቴ... እርስዎ?"

"ለትራክተር። ሬጉሌተር ልክ አስይዛለሁ።"

"ያቺ ሙዚየም? አያካብዱ፣ የኮሮላ ዲናሞ ይግጠሙበትና ይገላገሉ እንጂ!"

"ዲናሞውን የምታዞረው ቺንጋ ሰፊ ናት፣ የኮሮላ ፑሌጃ ጎድጓዳው ጠባብ ነው፣ አትገባም። ፑሌጃ ላስቀርጽ ብል ደግሞ ቅዳሜ ያልፋል። ታውሰኛለህ አታውሰኝም?"

ኢያቄም ራሱን አከከ። "ቴስተሬን ለሰው አላውስም" አለ። አጽብሃ ዞሮ ሊሄድ ሲል ግን፣ "ቆይ እንጂ ፋዘር፣ ሲቆጡ! እኔው ይዤው እመጣለሁ። ያቺን ነገር ስትሠራ ማየት አለብኝ" አለው።

ዓርብ ከሰዓት ሁለቱም ትራክተሩ ላይ ተደፍተው ዋሉ። በመጀመሪያ አጽብሃ ሰፊውን ማሰሪያ በሰፊው ራስ ላይ አሰረ። ምንም ቆርቆሮ ሳይፈልግ ልክክ አለ። ኢያቄም ቴስተሩን ይዞ ቁጥር ይጠራል፣ አጽብሃ የሬጉሌተሩን ስፕሪንግ በካቻቪቴ ጫፍ ይነካል። "በዛ!" "አሁንስ?" "ቀነሰ፣ ፋዘር፣ በጣም ቀነሰ!" "እስኪ አሁን?" ሞተሩ ስለሚጮህ ሁለቱም ይጯጯሃሉ፤ ሰፈሩ የተጣሉ መስሎት ተሰበሰበ። በስተመጨረሻ ኢያቄም ቁጥሩን ደጋግሞ አየና "እንደዚያው ይተዉአት፣ አይንኳት" አለ። የጭሱ ዕለት የሳቀውም ከተሰበሰበው መሃል ቆሞ ነበር፤ ዛሬ አንገቱን አስግጎ ቁጥሩን ለማየት ይሞክራል።

ቅዳሜ መድኃኒት ማለዳ መጣች። ድንጋዮቹን ለማንሳት ስታጎነብስ አጽብሃ "ተያቸው" ብሎ ራሱ አስነሳው። ከዚያ ድንጋዮቹን አንስቶ፣ ፓራፋንጎው ላይ ወጥቶ ከአጠገቧ ተቀመጠ።

"የት ሊሄዱ ነው?"

"እስከ ላንቻ እሸኝሻለሁ። ንጂ።"

ከቂርቆስ ወጥተው ላንቻ ደረሱ። ሚኒባሶቹ ከኋላ ክላክስ ያስጮሃሉ፣ ረዳቶች በመስኮት ብቅ እያሉ ይሳለቃሉ። አስፋልቱ ጥግ ሰፋ ያለ ሜዳ ቦታ ሲደርሱ አጽብሃ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

"እዚህ አቁሚና አጥፊው።"

"እዚህ? ሜዳ እኮ ነው!"

"ሜዳ ስለሆነ ነው።"

መድኃኒት ትራክተሩን ከገዛች ጀምሮ ሜዳ ላይ አጥፍታው አታውቅም። እጇ ወደ ማጥፊያው ሄደና ቆመ። አጽብሃም በጣም ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱን እንዳታይበት ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሞተሩ ጠፋ። የላንቻ ጫጫታ በአንዴ ጆሯቸው ውስጥ ገባ። 

"አስነሺው" አላት።

አስነሳችው። ሞተሪኖው ሳይለግም አንዴ ጮኸና ሞተሩ ተቀበለው። መድኃኒት ጮክ ብላ ሳቀች፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ወዲያው አጠፋችው። እንደገና አስነሳችው። አጠፋችው። አስነሳችው። ስትስቅ እንባዋ ይወርዳል፣ በሻርፗ ትጠርጋለች፣ ደግማ ታጠፋለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ተይ እንጂ! ባትሪውን ጨረስሽው እኮ!" አለ አጽብሃ።

"ምን አገባኝ!" አለችው። "ይሞላል አላሉኝም?"

 ሞተሩ ከሥሩ ይንደቀደቃል። በዕድሜው ስንት መኪና ሠርቷል፤ ሰው እንዲህ ሲጠይቀው ግን ፊቱን ሳያዞር መልስ የሰጠበት ጊዜ ትዝ አላለውም። ዓይኑ ረጠበ፤ ደስ ብሎት ነው፣ አላፈረበትም።

"ይሞላል" አላት።

ደግማ አጠፋችው።